ሁለት ዓምድ ያለው ውርርድ፦ ከአንዲት የድሬዳዋ ሒሳብ ያዥ ደብተር

የእህቴ ልጅ በርሚንግሃም ይኖራል። ሌሊት ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ በመሀል ስልኩ ላይ ያፈጥጣል። አንድ ቀን «አክስቴ፣ ኳስ ሳላውቅ ከኳስ ውርርድ ገንዘብ የማገኝበት ዘዴ አገኘሁ፤ ሒሳቡን እይልኝ» ብሎ የተጫጫረ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ድሬ «አንቱ» የማይዘወተርባት ከተማ ሆና እንጂ በሌላ አገር ቢያድግ «ይዩልኝ» ይለኝ ነበር።

ከዚራ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። 26 ዓመት የፋብሪካ ሒሳብ ስይዝ ደመወዙን ተቀብሎ ሳይመሽ በቁማር የጨረሰ ሠራተኛ ብዙ አይቻለሁ። በማግስቱ ብድር ለመጠየቅ መስኮቴ ሥር የሚቆመው ደግሞ እሱ ሳይሆን ሚስቱ ናት። ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ቁማር አልመሰለኝም። ደቢትና ክሬዲት መሰለኝ። በዚህኛው ዓምድ የወጣው በዚያኛው ዓምድ ይገባል፤ ኳሱ መረብ ውስጥ ቢገባም ባይገባም ድምሩ አይነቃነቅም።

ዘዴው በእንግሊዝ አገር ማችድ ቤቲንግ ይባላል። እኔ የተጣመረ ውርርድ እለዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ በተለይ እዚያ ላላችሁ ልጆቻችን። እዚህ ድሬ ሆናችሁ የምታነቡም አትዝለሉት፣ ወደ መጨረሻው የሚመለከታችሁ ነገር አለ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። የእንግሊዝ አወራራጅ ድርጅቶች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ «10 ፓውንድ ተወራረድ፣ የ10 ፓውንድ ነጻ ውርርድ እንስጥህ» ይላሉ። ትርፉ ያለው እዚያች ስጦታ ውስጥ ብቻ ነው። ስጦታ ከሌለ ትርፍ የለም፤ የቡድን ፍቅርም፣ የዕድል ቀንም፣ «ዛሬ ልቤ ነገረኝ» ማለትም ቦታ የላቸውም። ድርጅቱ ስጦታውን የሚሰጠው ግን ሰውየው ተወራርዶ ይከስራል ብሎ ነው። የእኛ ሥራ ሳንከስር ስጦታውን ማውጣት ነው።

ላለመክሰር ሁለተኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ እሱም የውርርድ ገበያ ነው። በገበያው ድርጅት ከሰው ጋር አይወራረድም፣ ሰው ከሰው ጋር ይወራረዳል፤ ገበያው ኮሚሽን ይወስዳል። ከእነዚህ ትልቁ ቤትፌር ነው፤ አንድሪው ብላክና ኤድዋርድ ሬይ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ አቋቋሙት። እዚያ «ይህ ቡድን ያሸንፋል» ብቻ ሳይሆን «ይህ ቡድን አያሸንፍም» ብሎ መወራረድም ይቻላል። የመጀመሪያው «ባክ» ይባላል፣ ሰማያዊ ቀለም አለው። ሁለተኛው «ሌይ» ይባላል፣ ሮዝ ነው። ሌይ ስትጫኑ አወራራጁ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው፤ ቡድኑ ካሸነፈ ለሌላው ሰው የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ልጁ የላከልኝ የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ ነበር። ድርጅቱ ለባለሜዳው ቡድን 3.0 ኦድ ሰጥቷል (ኦድ ማለት ቡድኑ ካሸነፈ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ፣ መነሻው ጭምር፣ ተባዝቶ የሚመለስበት ቁጥር ነው)፤ የሚወራረደው 10 ፓውንድ ነው። በገበያው የዚሁ ቡድን የሌይ ኦድ 3.1 ነው፤ ኮሚሽኑ 2 በመቶ። ጥያቄው በገበያው ስንት ሌይ ይደረግ ነው። ድርጅቱ የሰጠውን ኦድ በገንዘባችሁ አባዙ፤ 30 ይመጣል። ከገበያው ኦድ ላይ ኮሚሽኑን ቀንሱ፤ 3.1 ሲቀነስ 0.02፣ 3.08። ሠላሳውን ለ3.08 አካፍሉ፤ 9.74 ፓውንድ።

ቡድኑ ካሸነፈ ድርጅቱ 20 ፓውንድ ትርፍ ይከፍላል፤ በገበያው ግን 9.74 በ2.1 ተባዝቶ 20.45 ይሄዳል። ኪሳራ 45 ፔንስ። ቡድኑ ካላሸነፈ ድርጅቱ ዘንድ ያለው 10 ፓውንድ ቀለጠ፤ ከገበያው ኮሚሽን ተቀንሶ 9.55 ይገባል። ኪሳራ እንደገና 45 ፔንስ። በሁለቱም በኩል አንድ ቁጥር እስኪመጣ ድረስ የሠራችሁት ነገር ውርርድ እንጂ ሒሳብ አይደለም።

«ታዲያ 45 ፔንስ መክሰር ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ያ የመግቢያ ዋጋ ነው። ያንን ከፍሎ ነጻ ውርርዱ በእጅ ይገባል።

20.45ቱን ልብ በሉልኝ። ገበያው ይህንን ገንዘብ ጨዋታው እስኪያልቅ መያዣ አድርጎ ይቆልፈዋል። በኪሱ 10 ፓውንድ ብቻ ይዞ የሚጀምር ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የእህቴ ልጅ በ80 ፓውንድ ጀመረ፤ ከዚያ ባነሰ አልመክርም። ገንዘቡም ትርፍ ገንዘብ ይሁን። የቤት ኪራይ፣ የተበደሩት ወይም ለእናት ሊላክ የተቀመጠ አይሁን። በክሬዲት ካርድ ቁማር መጫወት በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሕጉ አንድ ጥሩ ነገር ሠርቷል።

አሁን ነጻ ውርርዱ መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዚህ 10 ፓውንድ ጠባይ ከእውነተኛው 10 ፓውንድ ይለያል። ቢያሸንፍ ትርፉን ይሰጣሉ እንጂ መነሻውን አይመልሱም። ስለዚህ ሒሳቡም ይለወጣል፤ ከድርጅቱ ኦድ ላይ አንድ ይቀነሳል። ኦዱ 5.0 ቢሆን 4 በ10 ይባዛል፣ 40። የገበያው ሌይ 5.2 ቢሆን ኮሚሽኑ ሲቀነስ 5.18። አርባ ለ5.18፣ 7.72 ፓውንድ። ቡድኑ ካሸነፈ ከድርጅቱ 40 ገብቶ በገበያው 32.42 ይወጣል፤ 7.58 ይተርፋል። ካላሸነፈ ከድርጅቱ ምንም፣ ከገበያው 7.57። ከዚህ የመግቢያዋን 45 ፔንስ ቀንሱ፤ ሰባት ፓውንድ ከ12 ፔንስ።

ለምን ከፍ ያለ ኦድ መረጥን? ያው ነጻ ውርርድ 2.0 ኦድ ላይ ቢውል፣ ሌዩ 2.06 ሆኖ፣ የሚተርፈው 4.80 ብቻ ነው። መነሻው ስለማይመለስ፣ ኦዱ ዝቅ ሲል የስጦታው ግማሽ ሳይወጣ ይቀራል። ለመግቢያው ውርርድ ግን ኦዱ ከፍ ማለቱ ጥቅም የለውም፤ እዚያ የሚፈለገው የሁለቱ ኦዶች መቀራረብ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያሰላ መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን አምስት በእጃችሁ ሥሩ። አባቴ በምድር ባቡር ትኬት ቢሮ ሲሠራ መደመሪያ ማሽን ከመጣ በኋላም በእርሳስ ደምሮ ነበር ማሽኑን የሚያመሳክረው፤ ከሱ ነው የወሰድኩት።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያፈርኩበት ስለሆነ ሳልደብቅ። ቅዳሜ ከሰዓት የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘመድ ወዳጅ ዘንድ መደወል ልማዴ ነው። የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታ ደግሞ በበጋቸው በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል። ልጁ ድርጅቱ ዘንድ 10 ፓውንዱን በ3.0 አስቀምጦ ወደ ገበያው ሊሻገር ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሣ። ጤንነት ተጠያየቅን፣ እህቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገርኩት፣ የማንጎ ዋጋ ሰማይ መድረሱንም ጨመርኩ። ሲመለስ የሌይ ኦዱ ከ3.1 ወደ 3.5 ሄዷል። እንደ ሕጉ አሰልቶ 8.62 ሌይ አደረገ፤ ኪሳራው በሁለቱም በኩል 1.55 ሆነ። በደብተሬ ላይ ከዚያ መስመር ትይዩ «የአክስት ሰላምታ፣ 1.10 ፓውንድ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው እሱ ነው፤ ማለትም እሱ አስጻፈኝ።

ስለዚህ ሁለቱም ገጾች አስቀድመው ይከፈቱ፣ ሁለቱም ዘንድ ገንዘብ ይግባ፣ ስልክ ይዘጋ። ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ ሥሩ እንጂ በመጨረሻው ደቂቃ አትሩጡ፤ በጨዋታ መሀልማ ፈጽሞ። ኦዱ ቢሸሽም አትደንግጡ፤ በአዲሱ ቁጥር አስልታችሁ ትንሿን ኪሳራ ተቀበሉ። «ትንሽ ልጠብቅ፣ ይመለሳል» ያለ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቁማርተኛ ነው። ሌይ ካደረጋችሁ በኋላም ገበያው ውስጥ ውርርዱን የተቀበለ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ያልተያዘ ሌይ እንዳልተደረገ ነው።

ደንቡን ማንበብ ሥራው ነው እላለሁ፤ መጫን ቀላል ነው። ስጦታው ዝቅተኛ ኦድ ይጠይቃል ወይ? ነጻ ውርርዱ በስንት ቀን ይቃጠላል? ገንዘቡ የገባው በዴቢት ካርድ መሆን አለበት ወይ? (ብዙ ጊዜ አዎ።) አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ወይስ የተደራረበ ትኬት? ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ሁለቱ ቦታዎች ውጤቱን የሚዳኙበት ደንብ አንድ መሆኑ ነው። በእግር ኳስ የ90 ደቂቃ ውጤት ከሆነ በሁለቱም የ90 ደቂቃ ይሁን። ቴኒስ ላይ ተጫዋች ታሞ ሲያቋርጥ አንዱ ቤት ውርርዱን ይሰርዛል፣ ሌላው ይከፍላል ወይም ያስከፍላል፤ ያኔ አንዱ ዓምድ ባዶ ይቀራል። እኔ ልጁን ቴኒስ እንዳይነካ ከለከልኩት፤ ፈረስንም እንዲሁ። እግር ኳስ ይበቃዋል።

ካዚኖ ስጦታም አለ። «ይህን ያህል አሽከርክር፣ ይህን ያህል እንስጥህ» የሚል። እሱ ሁለተኛ ዓምድ የለውም። ተቃራኒውን የምትይዙበት ቦታ ከሌለ በአማካይ ቢያተርፍ እንኳ ለእናንተ በዚያ ምሽት ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። ዝለሉት።

ደብተር ያዙ። እኔ የያዝኩለት ስምንት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የድርጅቱ ስም፣ ጨዋታው፣ የድርጅቱ ኦድና ገንዘብ፣ የገበያው ኦድና ገንዘብ፣ መያዣ፣ ቡድኑ ካሸነፈ፣ ካላሸነፈ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከመጫናችሁ በፊት ይሞላሉ። ከተጫኑ በኋላ የሚሞሉ ከሆነ ደብተሩ ማስታወሻ ነው እንጂ መቆጣጠሪያ አይደለም። አንድ ጊዜ ልጁ እንቅልፍ ሳይጠግብ ተነሥቶ በገበያው ሮዙን መጫን ሲገባው ሰማያዊውን ተጫነ። ያም ማለት በሁለቱም ቦታ «ያሸንፋል» አለ። ቡድኑ ተሸነፈ፤ 20 ፓውንድ ገደማ ሄደ። የዚያን ቀን መስመር ላይ ሁለቱ ዓምዶች ባዶ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መገደብ ነው። ድርጅቶቹ ቂል አይደሉም። ሁልጊዜ ስጦታ ሲኖር ብቻ ብቅ የሚል፣ ኦዱ ከገበያው የተጠጋበትን ብቻ የሚመርጥ ደንበኛ ያስታውቃል። አንዱ ድርጅት ለልጁ በአራተኛው ሳምንት ከእንግዲህ ስጦታ እንደማያገኝ ጻፈለት፤ ሌላው የሚቀበለውን ገንዘብ ወደ ሳንቲም አወረደው። ሕገ ወጥ ነገር ስላልሠራ ያለው ገንዘብ ተመለሰለት፤ ተናደደ እንጂ አልተጎዳም። የሚጎዳው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሐሳብ ነው፤ «በጓደኛዬ ስም ልክፈት፣ በሚስቴ ስም ልክፈት»። አይደረግም። ውሉን መጣስ ነው፣ ገንዘቡ ይያዛል፣ ማጭበርበርም ሊያሰኝ ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ አካውንት።

በአምስት ወር 14 ስጦታ ሠራ። ስሕተቶቹ ሁሉ ተቀንሰው የተጣራው 212 ፓውንድ ነው። በእንግሊዝ ተወራራጁ ካሸነፈው ላይ ግብር አይከፍልም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የተነሣለት። ስለዚህ 212ቱ 212 ነው። እኔ ግን ሰዓቱንም እንዲጽፍ አዝዤው ነበር፤ 46 ሰዓት። ሲካፈል በሰዓት 4 ፓውንድ ከ61 ፔንስ ይመጣል። በዚያው አገር ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 12.21 ፓውንድ ነበር። ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልኩ። ለተማሪ፣ ልጅ ይዞ ቤት ለሚውል፣ ሌላ ሥራ ሊጨምር ለማይችል ሰው 212 ፓውንድ ገንዘብ ነው። ተጨማሪ ፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ግን ፈረቃው ይሻላል።

ሌላም የማይጻፍ ወጪ አለ። 14 የቁማር ድርጅት ስልካችሁን ያውቀዋል፤ በየቀኑ ይጠራችኋል። ቀድሞ በቁማር የተጎዳ ሰው ይህን ዘዴ ፈጽሞ አይጀምር። ጨዋታውን ለማየት መጓጓት የጀመረም ያቁም፤ የተጣመረ ውርርድ የሠራ ሰው ውጤቱ ግድ ሊሰጠው አይገባም። በብሪታንያ ጋምስቶፕ በሚባለው አገልግሎት በነጻ ተመዝግቦ ፈቃድ ካላቸው የኢንተርኔት አወራራጆች ሁሉ ራስን ማገድ ይቻላል።

አሁን ወደ ድሬ። ሰፈር ውስጥ ይህን ነገር እንደማውቅ ሲሰማ አንድ ባጃጅ ነጂ ጎረቤቴ «እኔንም አስተምሪኝ» ብሎ መጣ። ሳቢያን ካለ የውርርድ ቤት ደጃፍ የተጣለ ትኬት አምጣልኝ አልኩት፤ ነፋስ እያንከባለለ አጥር ሥር የሚያከማቸው ስለሆነ አንድ እፍኝ ይዞ መጣ። አንዱን አነሣሁ። ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 3.30።

«ሦስቱንም ብትይዝ ከሦስቱ አንዱ መውጣቱ አይቀርም አይደል?» አልኩት።

«አይቀርም።»

«የትኛውም ቢወጣ 1,000 ብር እንዲሰጥህ ስንት ስንት ታስቀምጣለህ?»

ሺሕን ለየኦዱ አካፈልን። 476፣ 312 ከሃምሳ፣ 303። ድምሩ 1,092 ብር ገደማ። አንድ ሺሕ ብር ለማግኘት 1,092 ብር! ቤቱ ለሚከፍልህ ለእያንዳንዱ መቶ ብር ዘጠኝ ብር ገደማ የቤቱ ድርሻ ነው፤ ማንም ቢያሸንፍ ይወስዳል። ትኬቱ ላይ ደግሞ አሥር ጨዋታ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ ያው ዘጠኝ በመቶ ካለ፣ ድርሻው በድርሻው ላይ እየተባዛ ሄዶ 100 ብር በአማካይ 42 ብር ሆኖ ይመለሳል። በዚያ ላይ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ፣ ከ1,000 ብር ያነሰውን ብቻ ትቶ፣ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ተቃራኒውን የምትይዙበት ሰው ለሰው የሚወራረድበት ገበያ ደግሞ እዚህ የለም። ሁለተኛው ዓምድ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓምድ ብቻውን ምን እንደሆነ የፋብሪካው መስኮቴ ሥር ሲቆሙ የነበሩት ሴቶች ያውቁታል።

ጎረቤቴ ትንሽ አሰበና «የእንግሊዙን ከዚህ ሆኜ ብሠራውስ?» አለ። የአካውንቱ ባለቤት እዚያ የሚኖር፣ መታወቂያና አድራሻ ያለው ሰው መሆን አለበት። ቦታ በሚደብቅ መተግበሪያ፣ በዘመድ ስም፣ በጥቁር ገበያ በተገዛ ፓውንድ የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡ የሚያዝባችሁ ስታተርፉ ነው። ስትከስሩማ ማንም አይጠይቃችሁም። ቴሌግራም ላይ «የተረጋገጠ ውጤት» የሚሸጥ ሰውም ውጤቱ ቢረጋገጥለት ኖሮ ለእናንተ በ500 ብር አይሸጠውም ነበር። «መታወቂያህን ላክ፣ በስምህ ከፍቼ ትርፉን እንካፈላለን» የሚላችሁ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ስማችሁን ነው። የፋይዳ ቁጥራችሁን እንደ ቤት ቁልፍ ያዙት።

ጎረቤቴ ትኬቶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ይጫወት አይጫወት አላውቅም፤ ሦስቱን ኦዶች እያካፈለ ለጓደኞቹ ሲያሳይ ግን ሁለት ጊዜ ደርሼበታለሁ።

የእህቴ ልጅ አዲስ ስጦታ ሲያልቅበት ከየድርጅቱ ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ፔንስ አወጣ፣ አካውንቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ፣ መዝጋቱንም ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ከ212ቱ ላይ ለእናቱ የጉልበት ሕክምና ላከ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ከአሥረኛው ገጽ ጀምሮ የሰፈራችን ዕቁብ ተጽፎበታል፤ በዚህ ሳምንት ያልከፈሉ ሁለት ሰዎች አሉ።